የወንድሜ እጅ

«ባለሙያውማ ልጄ ነው፤ እሷ እሱ እስኪመጣ ድረስ ትነካካለች እንጂ።» ይህን ያለችው እናቴ ናት፤ የተባለውም ስለ እኔ ነው። ከጎናችን ያለውን ክፍል አዲስ የተከራየችው ሴትዮ የተበላሸ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ በራችን ላይ ቆማለች፤ እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። አፌ አረፋ ሞልቶት ምን ልበል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ኪራይ፣ መብራቱን፣ ውሃውን፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት የቻለው ይኸው መነካካት ነው። ተጉመጥምጬ ስወጣ ሴትዮዋ ማድረቂያዋን እንደያዘች ሄዳለች፤ እናቴ ዳቦ ትቆርጣለች። ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እናቴ እንዲህ ናት፤ በአፏ የነሳችኝን በእጇ ትሰጠኛለች። እኔም በላሁ። በእኛ ቤት የወንድም ጋሼ ነገር ከተነሳ መጨረሻው ዝምታ ነው፤ ዳቦው እንኳ ሲታኘክ ይሰማል።

ወንድም ጋሼ አንድ ጠዋት የአንድ ሱቅ ድምፅ ማጉያ ሊሠራ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ያን ዕለት በኪሱ የያዘው አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነበር። ሌላው ዕቃው ሁሉ እቤት ነው ያለው፦ መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው፣ መለኪያው፣ ሽቦውን ወገቡ ላይ የጠመጠመው የድሮ መበየጃው። እናቴ በየሳምንቱ አቧራውን ታራግፋለች እንጂ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። «የሰው ዕቃ ነው» ትለኛለች። የሰው! በዚያ ጠረጴዛ ላይ እኮ ነው ሥራ ያስተማረኝ። እሱ በጠፋ በዓመቱ መበየጃውን ሶኬት ላይ ስሰካ አየችኝና ቤቱን በጩኸት ቀወጠችው። በባትሪ የሚሠራውን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከእስክሪብቶ ትንሽ ወፈር ይላል፤ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፤ ቁልፉን ስጫነው እስከ አሥር ሳልቆጥር ይግላል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት የምሠራውን ታሳየኛለች፤ ረስቼ ባስቀምጠው ራሱ ይጠፋል። ጠረጴዛ አልፈልግ፣ ሶኬት አልፈልግ፣ የእናቴን ፈቃድ አልፈልግ። በመነጽር ቤት ከትቼው በየሰዉ ቤት እዞራለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ሽቦ አልባ» ይለኛል። ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ያወጣው ግን የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነው።

የዚያን ቀን የመጀመሪያው ሥራዬ አንድ ጡረተኛ ቤት ነበር። ዕድሜያቸውን ፖስታ ቤት የጨረሱ፣ አሁን ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደረጃውን ስጨርስ የኔም ትንፋሽ ከሳቸው አይሻልም ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው መስኮቱን ተደግፏል፤ ከራስጌው መድኃኒት፣ ውሃ፣ ማጉያ መነጽር፣ በቅደም ተከተል የተደረደሩ የድሮ ቴምብሮች። የተበላሸባቸው የጠረጴዛ ማራገቢያ ነው። ከወንበር ላይ ወድቆ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ሲሆን፣ በካርቶን ክዳን እያራገቡ እንዳደሩ ዓይናቸው ይናገራል። «ያለሷ እንቅልፍ የለም፣ ልጄ» አሉኝ በየቃሉ እያረፉ። «አየሩ... ይቆምብኛል። ሱቅ ውሰዳት አሉኝ... ማን ተሸክሞ ይወርዳል?» መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መበየጃዬን ከመነጽር ቤቱ ሳወጣ ጎንበስ ብለው ፈለጉ።

«ሽቦው የታል?»

«የለውም አባባ፣ በባትሪ ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ... ለኔም አንድ ባትሪ ግጠሚልኝ» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ብዙ ቆየ።

የመቀመጫውን አራት ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁ። ከፋብሪካ ተበይዶ የመጣው አንዱ ሽቦ ከማብሪያው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። የደቂቃ ሥራ ነው። ከጎኑ ያለው ሌላው ሽቦ ግን ከዚያ ሁሉ አወዳደቅ በኋላ ንቅንቅ አላለም፤ ሰው የጠገነው መሆኑ ያስታውቃል። መብራቷን አስጠግቼ አየሁት፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለው ካቻቢቴ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሽቦው በማብሪያው ቀዳዳ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ዞሯል። ጫፉ ተቀልብሶ ወደ ታች ተኝቷል። ሊዱ፣ ማለት አቅልጠን የምናፈስበት የብየዳ ሽቦ፣ በስሱ ስለፈሰሰ ዙሩ ከሥሩ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ከተማ እንዲህ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላው ጠጋኝ ሁሉ ሽቦውን ያስጠጋና ሊዱን ይቆልልበታል። ወንድም ጋሼ ግን «ሊድ ያትማል እንጂ አይዝም፤ የሚይዘው ሽቦው ራሱ ነው። መጀመሪያ ያለ ሊድ እንዲቆም አድርገሽ እሰሪው» ይለኝ ነበር። ብዙ ምሳ በዚህ የተነሳ ቀዝቅዞብናል።

እኔም እንደሱ ነው የማስረው። ግን የኔ ጥምዝ ሁልጊዜ ያጋድላል፤ እሱም በማጉያው እያየ «ይኸኛው ጠጥቶ ነው የመጣው» እያለ ያስፈታኝ ነበር። ይኼ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማራገቢያውንም በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፤ የሠራሁትን ዕቃ ደግሞ አልረሳም፤ ሲነሳ የሚያሰማው የመጀመሪያ ድምፁ ሳይቀር ጆሮዬ ላይ ይቀራል። ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። የተመረተበት ዓመት ወንድም ጋሼ ከጠፋ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። አለ። ከኛ ሄዶ ከአምስት ዓመት በኋላም እዚህች ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሽቦ ሁለቴ ይጠመዝዝ ነበር።

የተነቀለውን ሽቦ እንዴት እንደበየድኩት አላውቅም። ማራገቢያው ሲነሳ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ሰጡት፤ ነጭ ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተኛ። ሥራውን ስጨርስ ሁልጊዜ ይህችን ቅጽበት ቆሜ አያለሁ፤ የዛሬው ግን አላስቻለኝም። «አባባ፣ ይህን ከዚህ በፊት ማን ነው የጠገነልዎ?» አልኳቸው። እሳቸው አላሠሩትም። ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊው የእህታቸው ልጅ ነው የሰጣቸው። ሱቁ የት እንደሆነ በአንድ የድሮ ፖስታ ጀርባ ላይ አድራሻውን አስተካክለው ጻፉልኝ፤ የፖስታ ቤት ሰው አይደሉ!

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ለእናቴ መንገር የለብኝም፤ መጀመሪያ ይጣራ። ነገሩ ሳይጣራ የማይነገራት ሰው ብትኖር እሷ ናት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የጠዋቱን ቃል አልረሳሁትም፤ ለዚህች ሴት አንድ ቀን እንኳ የምሥራች ነጋሪ መሆን አማረኝ። ደወልኩ።

«እማዬ፣ ወንድም ጋሼ የሠራው ዕቃ አገኘሁ። ከጠፋ በኋላ የሠራው።»

«የሱ እጅ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለች።

«የሱን እጅ እኔ ልስት ነው?»

«እውነትሽን ነው። አንቺስ አትስቺውም።» ይህን ስትለኝ ደስ አለኝ፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጭንቀት መሃል፣ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ቀጥላ በቀጭን ድምፅ «የሱን ፍራሽ ፀሐይ ላስመታው?» አለች። «አስመቺው» አልኳት። ምን ነበረበት «ቆዪ» ብላት!

የቀሩኝን ሁለት ቀጠሮዎች በስልክ ሰርዤ አውቶቡስ ያዝኩ። መስኮት ዳር ተቀመጥኩና በመንገዱ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ አየሁ፤ ጎበጥ ያለ፣ መላጣ የጀመረው፣ ፌስታል ያንጠለጠለ። አሁን አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የማስታውሰው ግን የሠላሳ ሁለት ዓመቱን ሰው ነው፤ ባልፈው እንኳ ላላውቀው እችላለሁ። ሳገኘው ምን እንደምለው አሰላሁ። መጀመሪያ በጥፊ እለዋለሁ። አይ፣ መጀመሪያ አቅፈዋለሁ፤ ጥፊው የትም አይሄድም። ለምን እንደሄደ አልጠይቀውም፤ ደህና ከሆነ ይበቃኛል። ከዚያ መበየጃዬን አወጣለታለሁ። «ይኼ አሻንጉሊት ነው» ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። ያለ ሶኬት ሲግል ሲያይ ግን ከእጄ ይነጥቀኝና እስከ ማታ አይመልስልኝም። እንዲህ እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ ስል ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ናፍቆት ከውጭ ሲታይ እብደት ሳይመስል አይቀርም። አሥራ አንድ ዓመት እንዴት እንደናፈቀኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እቤታችን ናፍቆቱ ሁሉ የእናቴ ነው፤ ለኔ የተረፈው ሥራው ነው።

ልብስ ሰፊው መርፌ በከንፈሩ ይዞ ነው ያናገረኝ። ሱቁ አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው መውጣት ያለበት ዓይነት ነው፤ ወለሉ በጨርቅ ቁርጥራጭ ተሸፍኗል፤ ያላለቁ ሱሪዎች አንድ እግራቸው ብቻ ተሰቅሏል። አጎቱ ማራገቢያውን ሸጠው እኔን የላኩ መስሎት መጀመሪያ ኮስተር አለ። ነገሩን ሳስረዳው መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣ። እሱም አላሠራውም፤ ሲገዛው ይሠራ ነበር። የገዛው ከአትክልት ገበያው በታች፣ ከአሮጌው ሕንፃ ደረጃ ሥር ካለ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰውየው ትልቅ የጣሪያ ማራገቢያ ሲያስገባ ትንሹን በርካሽ ለቀቀለት። «ግን ምን አድርጎሽ ነው ሰውየው?» አለኝ። «ማን?» «የሠራው ነዋ። እንዲህ የምትፈልጊው ወይ አበዳሪሽ ነው ወይ ባልሽ።» «ወንድሜ ነው» አልኩት። ቀልዱን አጠፈና እስከ በሩ ሸኘኝ።

በእግሬ ሄድኩ። በገበያው መሃል የበሰበሰ ጎመንና የእርጥብ አፈር ሽታ አለ፤ ሻጮቹ ቲማቲሙን በውሃ እየረጩ ይጣራሉ፤ እኔ ማንንም አልሰማም። ደረጃው ሥር ያለችው ቤት አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ በርጩማ ናት። ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ጉንጭ በሳሙና ሸፍኖ ምላጭ ያስኬዳል። ሰላምታ ሰጥቼ ማራገቢያውን አስታወስኩት።

«ለልብስ ሰፊው የሸጥኩት? ምነው፣ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ማን እንደሠራልህ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት። ሰውየውን አጥብቄ እፈልገዋለሁ።»

ምላጩን አቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ካየኝ በኋላ ዞሮ ፊት ለፊት አየኝ። «ትቀልጃለሽ እንዴ፣ እህቴ?»

«አልቀልድም።»

«አንቺ ነሽ እኮ!»

ወፍራሙ ሰውዬ ከነሳሙናው ቀና አለ። እኔ «እኔ ምን?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው። ሦስት ዓመት ይሆነዋል። መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት እስኪመጣ ቆዪ ስልሽ፣ ለኔ አያስፈልገኝም ብለሽ አንድ ቀጭን ነገር ከመነጽር ቤት አወጣሽ። እዚህች በርጩማ ላይ ነው የተቀመጥሽው። ገና ሽቦውን በይደሽ ቀና ስትይ ስልክ ተደወለልሽ፤ ፊትሽ አመድ መሰለ። ክዳኑን እንኳ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ሮጥሽ። መብራት ሲመጣ ብከፍታት እንደ ነፋስ! ላመሰግንሽ ስምሽን አላውቅ፣ ስልክሽን አልያዝኩ።»

«ራሷ ሠርታ ራሷን ታፈላልጋለች» አለ ወፍራሙ ሰውዬ፤ ማንም አልሳቀለትም።

በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልኩ። የመጣልኝ የፀጉር ቤቱ ትዝታ አልነበረም፤ የመጣልኝ የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ያን ቀን የደወሉልኝ ከሆስፒታል ነበር፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ወድቆ ተገኝቷል፣ ቁመቱ ስለ ወንድምሽ ካስመዘገብሽው ጋር ይመሳሰላልና መጥተሽ እዪ አሉኝ። ሄድኩ። አንሶላው ሲገለጥ ሌላ ሰው ነበር። ደስ ይበለኝ ወይስ አይበለኝ ሳላውቅ የሰው ሬሳ ፊት ቆሜ ሳቅሁ፤ ሠራተኞቹ እጄን ይዘው አስወጡኝ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ያን ቀን ከአእምሮዬ ላወጣው ስታገል ከሱ በፊት የነበረውን ጠዋት ሁሉ አብሬ ጥያለሁ፤ በርጩማዋን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ሲዞር ሳላየው ትቼው የሄድኩትን ማራገቢያ።

ስለዚህ ቀጥ ያለው ጥምዝ የኔ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ገበያውን እያካለልኩ እጮህ ነበር። እጄ እጁን መስሏል፤ ተማሪው መምህሩን ደርሶበታል፤ ወንድም ጋሼ በማጉያው ቢያየው «ጠጥቶ ነው የመጣው» አይልም። ግን በማጉያው የሚያየው የታል? ከጠዋት ጀምሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ያገኘሁት ሰው፣ አውቶቡስ ውስጥ ያቀፍኩት፣ በጥፊ ልለው የነበረው ሰው በገዛ እጄ የሠራሁት ሰው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ውሃ በብርጭቆ ሰጠኝ። ጠጣሁት። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱም ወደ ደንበኛው ዞሮ ምላጩን ቀስ እያለ አስኬደው፤ ጨርሼ እስክነሳ ድረስ አልዞረም። ጨዋ ሰው ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ፀሐይ ለመጥለቅ ተቃርባለች። እናቴ ጥሩውን ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተነሳች፤ ግን እኔን አላየችም፤ ከትከሻዬ በላይ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየች። እስከ ማዞሪያው አየች። «ብቻሽን ነሽ?» አለች። «ብቻዬን ነኝ።» ውስጥ ገባን። ፍራሹ ፀሐይ ተመትቶ ተመልሷል፤ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ተቀምጧል። በዚህ ቤት ሁለት አልጋ አለ፤ አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የሱ ነው። የሱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደተነጠፈ ሰው አልተኛበትም፤ እኔ በሁለቱ መሃል መሬት ላይ ነው የምተኛው፤ ጠዋት ጠዋት ፍራሼን ጠቅልዬ ጥግ አቆመዋለሁ።

ቆሜ ነገርኳት። ሽማግሌውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ፀጉር አስተካካዩን። የሆስፒታሉን ዘለልኩት። «የኔ ሥራ ነው፣ እማዬ። ተሳስቼ ነው።»

«አትስቺውም ብዬ ነበር።»

«የሱ ከኔ አልለይ አለኝ።»

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንሶላውን በመዳፏ ትዳብሳለች፤ አንድ እጥፋት ታገኝና ታስተካክለዋለች፣ ሌላ ትፈልጋለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ብትቆጣኝም። «እንደሱ ነው የሠራሽው ማለት ነው» አለች ሳታየኝ። «አዎ» አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች፤ የሆነ ነገር እየዘጋች እንደሆነ ከፊቷ ይታየኛል፤ መቼም እናቴ ናት፣ ስትዘጋ አውቃለሁ። ከዚያ ተነሳችና ጥግ ላይ ከቆመው ፍራሼ ትራሴን መዝዛ አወጣች። አራግፋ ወንድም ጋሼ አልጋ ራስጌ ላይ አስቀመጠችው። «ወገብሽንም ያምሻል» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ተኚ።»

ይህን ቃል ስንት ዓመት ተመኝቼዋለሁ! በየክረምቱ ወለሉ ሲቀዘቅዝ ጥርሴን ነክሼ የተመኘሁት ቃል ነው። አሁን ሲመጣ ግን ለኔ ቦታ እየሰጠችኝ እንዳልሆነ፣ ከሱ ላይ እየነሳች እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ደክሟታል። እሷ መጠበቅ ካቆመች ደግሞ በዚህች ምድር ላይ የሚጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ትራሴን ከአልጋው ላይ አነሳሁት።

«እሱ ሲመጣስ የት ሊተኛ ነው?» አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው። ገና አልመሸም ነበር፤ ቢሆንም ፍራሼን ከጥጉ አውጥቼ እንደ ወትሮው መሬት ላይ ዘረጋሁት።